ውኃ ውስጥ የሚሟሟ የጋኔሻ ምስል አሠራር፦ ከአፈሩ ዝግጅት እስከ ሽኝቱ

የጋኔሽ ቻቱርቲ በዓል በሂንዱ አቆጣጠር ባድራፓዳ በተባለው ወር፣ በእኛ ደግሞ በነሐሴ አጋማሽና በመስከረም መጀመሪያ መካከል ይውላል። በዚህ በዓል ምእመናኑ የዝሆን ራስ ያለውን አምላክ ጋኔሻን በምስል ወደ ቤታቸው ይቀበሉታል፤ ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ዐሥር ቀን በጸሎትና በመባ ካስተናገዱት በኋላም ውኃ ውስጥ አስገብተው ይሸኙታል። ይህ ሽኝት ቪሳርጃን ይባላል። ምስሉ ከመጀመሪያውም የሚሠራው ሊሟሟ ነው፤ በትውፊቱ እናቱ ፓርቫቲ ጋኔሻን የሠራችው ሰውነቷን ከተቀባችው የእርድ ቅባት ነው ተብሎ ይተረካል። ስለዚህ ሠሪው የሚያነሣው ነገር ሁሉ፣ አፈሩም፣ ቀለሙም፣ ማጣበቂያውም፣ በአንድ ጥያቄ ሊመዘን ይገባል፦ ባልዲ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጉዳት ሳያደርስ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም? ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ የቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በዓሉ በማሃራሽትራ ግዛት በአደባባይ በስፋት መከበር የጀመረው የሕንድ ነፃነት ታጋይ የነበረው ባል ጋንጋዳር ቲላክ እ.ኤ.አ. በ1893 ሕዝቡን ለዚሁ ካሰባሰበ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ምስሎቹ በቁጥርም በቁመትም እያደጉ ሄደው ዛሬ በሙምባይና በፑኔ ጎዳናዎች ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ የሚበልጡ ይታያሉ። ሠሪዎቹም ቀስ በቀስ ሻዱ ከተባለው አፈር ወደ ጀሶ ዞሩ። ለዚህ ሠሪዎቹን መውቀስ አይገባም፤ ጀሶ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ በጉዞ ላይ ቶሎ አይሰበርም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሽኝቱ በኋላ ነው። ውኃ ነክቶት የጠነከረ ጀሶ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚሟሟው 2 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከበዓሉ ማግስት የተቆረጡ እጆችና የተሰነጠቁ ራሶች በባሕርና በሐይቅ ዳርቻ ተጥለው ይገኛሉ። ምእመናኑን ከሁሉ የሚያሳዝነውም በክብር የሸኙትን ምስል እንዲህ ተሰባብሮ ማየት ነው። በላዩ የተቀባው የዘይት ቀለም ደግሞ እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ወደ ውኃው ሊያስገባ ይችላል። የሕንድ ማዕከላዊ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው መመሪያ ምስሎች ከጀሶ ሳይሆን ከተፈጥሮ አፈር እንዲሠሩና በመርዛማ ቀለም እንዳይቀቡ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ የሚቀርበው 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የቤት ምስል አሠራር ነው። በዓሉን ከሕንድ ጎረቤቶቹና ባልደረቦቹ ጋር ለሚካፈል፣ በሕንድ ለሚማር፣ ወይም የሸክላ ሥራ ለሚያስተምር አማርኛ አንባቢ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከበዓሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር ያስፈልጋል፤ ወቅቱ በምዕራብ ሕንድም ዝናባማ ስለሆነ ማድረቁ ከሚታሰበው በላይ ጊዜ ይወስዳል።

አፈሩን መምረጥ

በማሃራሽትራ የሚመረጠው ሻዱ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ግራጫ፣ ልስላሴ ያለው የሸክላ አፈር ነው፤ አብዛኛው ከጉጃራት ግዛት ይመጣል። ሻዱ በማይገኝበት ቦታ የአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አፈር ይበቃል። ጥራቱን ለማወቅ በመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ አፈር ከውኃ ጋር በደንብ ናጥ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሥር ይዘቅጣል፣ የሸክላው ክፍል ግን ውኃውን አደፍርሶ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ከሥር የዘቀጠው ከግማሽ በላይ ከሆነ አፈሩ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጣት የመሰለ ቀጭን ነገር ሲሠሩበት ይፈረፈራል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያን ሸክላ ሥራ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል። ጀበናውም፣ ምጣዱም፣ እንስራውም በእሳት ይተኮሳሉ፤ ይህ ምስል ግን በምንም ዓይነት አይተኮስም። የሸክላ አፈር ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ በውስጡ የተያዘው ውኃ ለዘለቄታው ስለሚለቅቅ፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ወደ ጭቃነት አይመለስም። የተተኮሰ ምስል ከተፈጥሮ አፈር የተሠራ ቢሆንም ለሽኝት አይሆንም።

ለዚህ ቁመት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ደረቅ አፈር ይበቃል። ከዚህ ሌላ ወንፊት፣ ሰፊ ገበታ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ትንሽ ቢላዋ፣ ማንኪያ፣ ስቴኪኒ፣ ጥቂት የቀርከሃ ስንጥር፣ አንድ ሲኒ ውኃና ምስሉ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ጣውላ ያስፈልጋል። ሽቦ፣ ምስማርና ፎም ለውስጥ ድጋፍነት እንዳይገቡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ አፈሩ ሲሟሟ እነሱ ባልዲው ውስጥ ይቀራሉ።

ጭቃውን ማቡካት

አፈሩን በወንፊት ነፍቶ ጠጠሩንና ሥራሥሩን ማውጣት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ለ4 ኪሎ አፈር ከ1 እስከ 1.3 ሊትር ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማቡካት፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር ነው። ይህ ማሳደር መዘለል የለበትም፤ ውኃው በእያንዳንዱ ቅንጣት መካከል እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋልና ያላደረ ጭቃ ኋላ ይሰነጠቃል። በማግስቱ ጭቃውን ገበታው ላይ እየመቱና እያጠፉ ለሩብ ሰዓት ያህል ማሸት አየሩን ያስወጣዋል። በቢላዋ ሲቆረጥ ፊቱ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ካልታዩ አየሩ ወጥቷል ማለት ነው።

ለሥራ መድረሱን ለማረጋገጥ ከጭቃው ጣት የሚያህል ድብልብል ነገር ጠቅልሎ በጠቋሚ ጣት ዙሪያ ማጠፍ ይቻላል። ሳይሰነጠቅ ከዞረ ደርሷል፤ ከተሰነጠቀ ውኃ ይጎድለዋል፤ እጅ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ በጨርቅ ላይ ዘርግቶ ጥቂት ማጠንፈፍ ነው። ስንጥቅ የሚያስቸግር አፈር ከሆነ፣ ቀለም የሌለበት ወረቀት ዘፍዝፎ በመፍጨት ከጭቃው መጠን አንድ ዐሥረኛውን ያህል መቀላቀል ያጠነክረዋል። የታተመ ጋዜጣ ግን መግባት የለበትም። ምስልን ሙሉ በሙሉ ከወረቀት መሥራትም ለአካባቢ ተስማሚ ነው ሲባል ይሰማል፤ በእኔ ግምት ግን ትክክል አይደለም። በብዛት ሐይቅ ውስጥ የገባ የወረቀት ብስባሽ የውኃውን ኦክሲጅን ይሻማል።

ቅርጹን ማውጣት

ጭቃውን ስድስት እኩል ቦታ መክፈል ሥራውን ያቀላል። አንዱ ለመቀመጫው፣ ሁለቱ ለሆድና ለደረት፣ አንዱ ለራስና ለኩምቢ፣ አንዱ ለእግሮችና ለእጆች፣ የቀረው ለጆሮዎች፣ ለዘውድ፣ ለአይጧና ለማያያዣ ይሆናል። እየተሠራበት ያልሆነው ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይ።

መቀመጫው 16 በ13 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ይሁን። ከሥሩ ደረቅ ጨርቅ ማንጠፍ ኋላ ከጣውላው ላይ በቀላሉ እንዲነሣ ይረዳል። በላዩ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ትልቅ ድብልብል ይቀመጣል፤ የጋኔሻ ሆድ ሰፊ መሆን ስላለበት እዚህ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም። እግሮቹ ከዳሌ ወደ ቁርጭምጭሚት እየቀጠኑ የሚሄዱ ሁለት ድብልብሎች ሲሆኑ፣ ከሆዱ ፊት ለፊት ተጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ማንኛውም ክፍል ከሌላው ጋር የሚያያዝበት መንገድ አንድ ነው፤ የሥራው ጥንካሬም በዚህ ላይ ነው የሚወሰነው። የሚገናኙትን ሁለቱንም ፊቶች በስቴኪኒ በመስቀልኛ መጫር፣ እንደ አጥሚት የቀጠነ የዚያኑ አፈር ጭቃ መቀባት፣ አጥብቆ መጫንና ትንሽ ማሽከርከር፣ በመጨረሻም በመጋጠሚያው ዙሪያ ቀጭን የጭቃ ገመድ አዙሮ በአውራ ጣት ማለስለስ ያስፈልጋል። በውኃ ብቻ አርጥቦ ማጣበቅ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ይለቅቃል።

እጆቹ አራት ናቸው። የኋላዎቹ ሁለቱ ከትከሻ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ በተለመደው አሣሣል በአንዱ መጥረቢያ ወይም የዝሆን መንጃ ሜንጦ፣ በሌላው የገመድ ወጥመድ ይያዛል። የፊተኛው ቀኝ እጅ መዳፉን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይባርካል፤ የፊተኛው ግራ እጅ ከሩዝ ዱቄት፣ ከኮኮናትና ከጥሬ የሸንኮራ ስኳር የሚሠራውን ሞዳክ የተባለ ጣፋጭ ይይዛል። ወደ ላይ ለሚነሡት እጆች ውስጡ የቀርከሃ ስንጥር ማስገባት ይጠቅማል፤ ስንጥሩ ግን በጭቃ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። የሚያዙትን ዕቃዎች ቀጫጭን አድርጎ ለማስጌጥ ከመሞከር ይልቅ ወፈር አድርጎ ከእጁ ጋር አዋሕዶ መሥራት ይሻላል፤ ተሰብሮ የተገኘ ምስል በሥርዓቱ ለአምልኮ አይቀርብምና ከውበቱ ይልቅ ሙሉነቱ ይቅደም።

ራሱ ብርቱካን የሚያህል ክብ ነው። አንገቱ ላይ ስንጥር ተክሎ በላዩ ካስቀመጡት በኋላ ኩምቢውን ለብቻ ጠቅልሎ፣ ከግንባሩ መካከል ጀምሮ እየቀጠነ እንዲወርድ አድርጎ ማያያዝ ያስፈልጋል። ኩምቢው ወደ ራሱ ወደ ጋኔሻ ግራ ታጥፎ ሞዳኩን እንዲነካ ይደረግ። ይህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ ኩምቢው ወደ ቀኝ የዞረ ምስል ጥብቅ የአምልኮ ሥርዓት ይጠይቃል ተብሎ ስለሚታመን ብዙ ቤተሰቦች ለቤታቸው ወደ ግራ የዞረውን ይመርጣሉ። ለሌላ ሰው የሚሠራ ከሆነ አስቀድሞ መጠየቅ አክብሮት ነው። ከሁለቱ ጥርሶች አንዱ ሙሉ፣ ሌላው አጭር ሆኖ የተሰበረ መምሰል አለበት፤ ጋኔሻ ባለ አንድ ጥርስ ተብሎ ይጠራልና።

ጆሮዎቹ ጀማሪን ከሁሉ ይበልጥ ያስቸግራሉ። ሰፊና ስስ ስለሆኑ ከቀረው አካል ቀድመው ይደርቃሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ፣ ወፍራሙ ራስ ግን ገና እርጥብ ሆኖ ስለማይከተላቸው ከሥራቸው ይሰነጠቃሉ። መፍትሔው ከጠርዛቸው 5 ሚሊ ሜትር፣ ከራሱ ጋር በሚገናኙበት ደግሞ የዚያን እጥፍ ውፍረት መስጠት፣ ከጀርባቸው የተጨማደደ ጨርቅ አስደግፎ እንዳይወድቁ ማድረግና ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጆሮዎቹን ብቻ በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ሸፍኖ ማቆየት ነው። ጨርቁ ሲደርቅ ይርጠብ፤ ውኃ እስኪንጠባጠብ ድረስ ግን መሆን የለበትም።

ዘውዱ፣ የአንገት ጌጡና የጨርቁ እጥፋት በመጨረሻ በስቴኪኒና በማንኪያ እጀታ ይወጣሉ። ከእግሩ አጠገብ የጋኔሻ መጓጓዣ የሆነችው ትንሽ አይጥ ትቀመጣለች። ሥራው ሲያልቅ ጣትን በውኃ ነክሮ፣ ውኃውን አራግፎ፣ ፊቱን ሁሉ ማለስለስ ነው።

ውስጡን ማውጣትና ማድረቅ

በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጭቃው በጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ በጥፍር ግን የሚጫር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ምስሉን ለስላሳ ጨርቅ ላይ በጀርባው አስተኝቶ ከመቀመጫው ሥር በማንኪያ መቦርቦር ያስፈልጋል፤ ግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅር። ይህ ክብደቱን ይቀንሳል፣ ውስጡና ውጩ በተቀራራቢ ጊዜ እንዲደርቅ ያደርጋል፣ በሽኝቱም ጊዜ ውኃው ከውስጥም ከውጭም ስለሚያገኘው ቶሎ ይሟሟል።

ከዚያ በኋላ ነፋስ በሚዘዋወርበት ጥላ ሥር ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ይቆይ። ፀሐይም ሆነ ምድጃ አጠገብ ማድረግ ስንጥቅ ያመጣል። በቀን አንድ ጊዜ አቅጣጫውን ማዞርና ስንጥቅ መኖሩን ማየት ተገቢ ነው፤ ቀጭን ስንጥቅ ከታየ ቦታውን በብሩሽ ትንሽ አርጥቦ፣ ከዚያው አፈር በተሠራና ጥቂት የወረቀት ብስባሽ በገባበት ወፍራም ልቁጥ መድፈን ይቻላል። ምስሉ መድረቁ የሚታወቀው ቀለሙ በየቦታው አንድ ዓይነት ሲሆንና ጉንጭ ሲያስነኩት ቅዝቃዜ ሳይሰማ ሲቀር ነው።

በውስጡ ዘር ማስቀመጥ የሚፈልጉ ብዙዎች እርጥቡ ጭቃ ላይ ዘሩን ይቀላቅላሉ። ይህን አልመክርም፤ በዝግታ በሚደርቅ ጭቃ ውስጥ ዘሩ ሊበቅልና ምስሉን ሊሰነጥቀው ይችላል። ምስሉ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በተቦረቦረው ክፍል ውስጥ ደረቅ ኮምፖስትና ቱልሲ የተባለው የሕንድ በሶብላ፣ የቲማቲም ወይም የአበባ ዘር ጨምሮ በወረቀት መክደን የተሻለ ነው።

ቀለም

ምስሉ ያልተተኮሰ ስለሆነ ብዙ ውኃ ያለው ቀለም ፊቱን ያሟሟዋል። ቀለሙ እንደ ወፍራም ክሬም ሆኖ፣ ብሩሹ ተራግፎ፣ በስሱ እየተደራረበ መቀባት አለበት። ነጭ ከሩዝ ዱቄት ወይም ከነጭ ሸክላ አፈር፣ ቢጫ ከእርድ፣ ቡናማ ቀይ በሕንድ ጌሩ ከሚባለው ቀይ አፈር፣ ጥቁር ከጥላሸት ይገኛል። ደማቅ ቀይ ለሚፈልግ፣ እርድን ከጥቂት የተጠፋ ኖራ ጋር በውኃ ማዋሐድ ነው፤ ኖራው እርዱን ወዲያው ወደ ቀይ ይለውጠዋል፣ ሂንዱዎች ግንባራቸውን የሚቀቡት ባህላዊው ቀይ ዱቄት፣ ኩምኩምም የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው። ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ይህ የልጆች ሥራ አይደለም። የቀይ ሥርና የስፒናች ጭማቂ መጀመሪያ ቢያምርም በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚደበዝዝ ለበዓሉ ዋዜማ ካልሆነ አያስተማምንም።

ማጣበቂያው የግራር ሙጫ ይሁን፤ በኢትዮጵያም በቀላሉ ይገኛል። አንድ እጅ ሙጫ በሦስት እጅ ለብ ያለ ውኃ አሳድሮ በጨርቅ ማጥለልና ከቀለሙ ጋር ማዋሐድ ነው። ሙጫው በውኃ ስለሚለቅቅ ሽኝቱን አያሰናክልም። ቫርኒሽ፣ የፕላስቲክ ቀለምና ብልጭልጭ ዱቄት ግን አንድ ጊዜ ከተነካኩ የቀደመውን ጥንቃቄ ሁሉ ያበላሻሉ፤ ስስ የቫርኒሽ ሽፋን ብቻውን ውኃው ወደ አፈሩ እንዳይገባ ይከለክላል። ዓይኖቹ በመጨረሻ፣ ቀጭን ብሩሽና የረጋ እጅ ባለው ሰው ይሣሉ፤ ምስሉን የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚመለከቱት እነሱን ነው።

ምስሉ ለቤተሰብ ከመሰጠቱ በፊት ከዚያው ጭቃ የተሠራ፣ በዚያው ቀለም የተቀባና በደንብ የደረቀ እንቁላል የሚያህል ቁራጭ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ማስገባት አስፈላጊ ፈተና ነው። ወዲያው አረፋ እያወጣ ከጠርዙ መፈረፈር ይጀምራል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ከብርጭቆው ሥር ክምር ጭቃ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ የደረቀ አፈር ግማሽ እርጥበት ካለው ይልቅ ቶሎ የሚፈርሰው ውኃውን በኃይል ስለሚስብ ነው፤ ስለዚህ ቁራጩ ካልፈረሰ መጀመሪያ መድረቁን፣ ቀጥሎ ቀለሙን መመርመር ይገባል።

ማስጌጡና ሽኝቱ

የማሃራሽትራ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 በፕላስቲክ ላይ ያወጣው እገዳ የፎም ጌጣጌጥንም ይጨምር ነበር። የሙዝ ቅጠል፣ የጥጥ ጨርቅ፣ አበባና ለጋኔሻ የሚቀርበው ዱርቫ የተባለው ሣር ለማስጌጥ ከበቂ በላይ ናቸው።

በሽኝቱ ቀን የስንብት ጸሎት ከተደረሰ በኋላ አበባው፣ ጨርቁና ጌጡ ከምስሉ ላይ ይነሣሉ፤ አበባው ወደ ኮምፖስት ይሄዳል። 20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ባልዲ ምስሉን እስከሚሸፍን ድረስ ውኃ ተሞልቶ ምስሉ በሁለት እጅ በዝግታ ይገባበታል። ብዙ ቤተሰቦች ወንዝ ወይም ባሕር መሄድን ይመርጣሉ፤ ስሜታቸውም ይገባኛል። ነገር ግን ንጹሕ አፈር እንኳ በሺዎች የሚቆጠር ምስል ሆኖ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሲከማች ደለል ይሆናል። በሙምባይና በፑኔ የከተማ አስተዳደሮቹ ለዚሁ የሚያዘጋጁት ሰው ሠራሽ ገንዳ፣ ወይም የገዛ ቤት ባልዲ፣ ሥርዓቱንም ውኃውንም ይጠብቃል።

ምስሉን ውኃው ውስጥ ማሳደር፣ በማግስቱ ከላይ የጠራውን ውኃ ቀስ ብሎ አትክልት ላይ ማፍሰስ፣ ስንጥሮቹን ለቅሞ ማውጣትና ጭቃውን በጨርቅ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል። ዘር ያለበት ከሆነ ጭቃው ሳይዘገይ ከአትክልት አፈር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ማሰሮ ይግባ፤ የሸክላ አፈር ብቻውን ሥር ስለሚያፍን ከአንድ ሦስተኛ በላይ መሆን የለበትም። ዘር የሌለው ጭቃ ደግሞ ደርቆ በጆንያ ቢቀመጥ በሚቀጥለው ዓመት ተነፍቶ፣ ተዘፍዝፎ፣ ጥቂት አዲስ አፈር ተጨምሮበት እንደገና ይሠራበታል። ሻዱም ተቆፍሮ ከሩቅ የሚመጣ ስለሆነ ከሁሉም የሚመረጠው አንድ ጊዜ ያገለገለው አፈር ነው።

የጀሶ ምስል አስቀድሞ ለገዛ ቤተሰብም መፍትሔ አለ። ፑኔ የሚገኘው ብሔራዊ የኬሚካል ላቦራቶሪ ባስተዋወቀው ዘዴ ምስሉ አሞኒየም ባይካርቦኔት በተሟሟበት ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የከተማው አስተዳደርም ይህን ዱቄት ለነዋሪዎች ሲያድል ቆይቷል። በቀን ጥቂት ጊዜ እየተማሰለ በ48 ሰዓት ገደማ ጀሶው ይፈርስና ከሥር እንደ ጠመኔ ያለ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ከላይ አሞኒየም ሰልፌት ያለበት ውኃ ይቀራል። የአሞኒያ ሽታው ስለሚከብድ ሥራው ደጅ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይከናወን። ምስሉ በዘይት ቀለም የተቀባ ከሆነ የተላጠውን ቀለም አጥልሎ ለብቻ ማስወገድ፣ ውኃውንም ለአትክልት አለማዋል ይሻላል፤ ያልተቀባ ከሆነ ግን ውኃው በብዙ ንጹሕ ውኃ ቀጥኖ ለጓሮ ተክል ማዳበሪያ ይሆናል።